ለእንግዳ የሚከፈት መስኮት

እንጀራዬን የምበላው ሰው የተነፈሰውን አየር እየለካሁ ነው። ደሴ ላይ መሥሪያ ቤት፣ ክሊኒክ፣ የስብሰባ አዳራሽ፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ፋብሪካ ያላቸው ሰዎች አየሩ በወጉ ይገባል ወይ፣ ይወጣል ወይ፣ ማጣሪያው ያጣራል ወይ ብለው ይጠሩኛል። ከእጄ መዳፍ የማትበልጥ መለኪያ፣ አንድ የእጅ ባትሪና አንድ እሽግ ሶፍት ይዤ እሄዳለሁ። መለኪያዋ ሰው ተንፍሶ የጣለው አየር ክፍሉ ውስጥ ምን ያህል እንደተጠራቀመ ትነግረኛለች። ሶፍቱ ደግሞ አየሩ ወዴት እንደሚሄድ ያሳየኛል። የአየር መውጫው አፍ ላይ ስይዘው ወደ ቀዳዳው ከተሳበ አየሩ እየወጣ ነው፤ ወደ ፊቴ ከተነፋ ግን መውጣቱ ቀርቶ እየገባ ነው ማለት ነው።

ሥራው ጠርጣራ አድርጓታል ይላሉ የሚያውቁኝ። ውሸት ነው። ድሮም ጠርጣራ ነበርኩ፤ ሥራው ያደረገልኝ ነገር ቢኖር ለጥርጣሬዬ ደመወዝ እንዲከፈለኝ ብቻ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሻጭ "ይኼ ትኩስ ነው" ካለኝ ሌላውን ነው የማነሳው። ሰው ሳልጠይቀው ከማለ ደግሞ ቦርሳዬን ወደ ደረቴ ጠጋ አደርጋለሁ።

የደሴ ሰው ንፋስ ይፈራል። እኔም የደሴ ልጅ ነኝና እፈራለሁ። ሚኒባስ ውስጥ ከኋላ ያለው ሰው መስኮት ከከፈተ "ኧረ ዝጋው፣ ሊመታን ነው" ከሚሉት አንዷ ነኝ፤ ሥራዬን የሚያውቅ ሰው አጠገቤ ከሌለ ማለቴ ነው። ከጦሳ ተራራ በኩል የሚመጣውን ብርድ የሚያውቅ አይፈርድብንም። አሥር ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ጃኬቱን ቆልፎ፣ በሩን ዘግቶ፣ የመስኮቱን ክፍተት በጋዜጣ ወትፎ ይውላል። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ያዛጋል፣ ሁሉም ራሱን ያመዋል፣ ሁሉም ደግሞ ብርዱን ይረግማል።

ታዲያ እንግዳ ይመጣል ከተባለ ይህ ሁሉ ይገለበጣል። ወለሉ ይወለወላል፣ መጋረጃው ይራገፋል፣ መስኮቱ ከጠዋት ጀምሮ ወለል ብሎ ይከፈታል። የእናታችን ቤትም እንዲሁ ነበር፤ ቤቱ ሳይናፈስ እንግዳ ማስገባት ላልታጠበ ሰው እጅ እንደ መስጠት ነው የሚቆጠረው። እኔ ይህን እያወቅሁ፣ ለእነዚያ መሥሪያ ቤቶች እኔም እንግዳ መሆኔን ለመረዳት ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ።

የገባኝ አንድ የስብሰባ አዳራሽ ስለካ ነው። በቀጠሮዬ ቀን ስደርስ ጥበቃው ሳይቀር ሸሚዙን ተኩሶ ጠበቀኝ። አየሩ ተራራ ጫፍ ላይ የቆምኩ ያህል ንጹሕ ነበር። "ሁልጊዜ እንዲህ ነው?" ብዬ ጠየቅሁ። "ወላሂ፣ ሁልጊዜ ነው" አሉኝ። ሳልጠይቃቸው ስለማሉ ጠረጠርኩ። ሰንበት ብዬ የሌላ ሰው ጉዳይ ይዤ፣ ሳልነግራቸው፣ እዚያው አዳራሽ ገባሁ። ሰው ጢም ብሎበታል፣ መስኮቱ ሁሉ ጥርቅም ብሏል፣ ቬንትሌተሩ ቆሟል። ትንፋሽ ያጥራል። አታላችሁኛል ብዬ ከኃላፊው ቢሮ ድረስ ሄጄ ተቆጣሁ። ኃላፊው ጺማቸው የሸበተ፣ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ፤ አልተቆጡኝም።

"ምን አታለልንሽ ልጄ?" አሉኝ። "እንግዳችን ነሽ። እንግዳ እየመጣ ቤት ታፍኖ ይቆያል?"

ከልባቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ረቡዕ እመጣለሁ ብዬ ማክሰኞ መሄድ ጀመርኩ። ፋብሪካ ላይም እንደዚሁ ነው። የብናኝ ማጣሪያውን ሲያሳዩኝ ነጭ ሆኖ ካገኘሁት አላምንም። ሥራውን የሠራ ማጣሪያ ግራጫ ይሆናል፣ ብናኙም እላዩ ላይ ይታያል። ነጭ ከሆነ ትናንት ማታ የተቀየረ ነው፤ አሮጌውን የት እንደጣሉት ጠይቄ እሱን ነው የምለካው። ይወዱኛል ማለት አልችልም።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ እህቴ ለመናገር ነው። የቤታችን የመጨረሻ ልጅ ናት፤ እናታችን ስትሞት ገና ትምህርት ቤት ነበረች፣ ከዚያ በኋላ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። አፍ ከፈታች ጀምሮ የምትጠራኝ "እትዬ" እያለች ነው፤ ስሜን ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም። ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ገብታ እዚያው ኮንዶሚኒየም ላይ አንዲት ክፍል ተከራየች። አብራት ትኖር የነበረችው ልጅ አግብታ ስትሄድ ብቻዋን ቀረች። ፈረቃዋ ስለሚቀያየር ሳልደውል አልሄድም ነበር። "እሁድ ልምጣ?" እላታለሁ፤ "ነይ እትዬ" ትለኛለች።

እሁድ ስደርስ መስኮቷ ተከፍቶ፣ መጋረጃዋ እየተወዛወዘ፣ ክፍሏ የሳሙና ሽታ እየሸተተ አገኘዋለሁ። ትንሽ ትስል ነበር። የጀመራት ከረመዳን በፊት ነው። "ታይቻለሁ፣ ብርድ ነው አሉኝ" አለችና መስኮቱ ላይ የተቀመጠውን የሽሮፕ ጠርሙስ አሳየችኝ። የኮምቦልቻ ሙቀት አናቴን እየበሳው፣ እዚያ ተቀምጬ ብርድ ነው ስትለኝ አመንኩ። መለኪያዬን ከልማድ የተነሳ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኳት፤ አየሩ ጥሩ ነበር። ሰው ሁሉ ለእንግዳ መስኮት እንደሚከፍት የማውቅ ሴት፣ ለእህቴም እንግዳ መሆኔን አላሰብኩትም።

አንድ ቀን ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ልለካ በሐረጎ ቁልቁለት ወረድኩ። እንደደረስኩ መብራት ጠፋ። ማራገቢያዎቹ ቆሙ፣ ስፌቱ ቆመ፣ ሠራተኛው ጥላ ፍለጋ ወጣ። ሥራ አስኪያጁ ነገ ተመለሺ አለኝ። ሆን ብሎ ያስጠፋው ይሆን ብዬ ከበር ወጥቼ ሰፈሩን ቃኘሁ፤ ማዶ ያለው ወፍጮ ቤትም ቆሟል፣ እውነቱን ነው። እህቴ የማታ ፈረቃ መሆኗን ስለማውቅ ቤት ትኖራለች ብዬ ደወልኩ። ኔትወርክ የለም። ብርቱካን ገዝቼ ባጃጅ ይዤ ሄድኩ።

ሦስተኛ ፎቅ ናት። ደረጃውን ወጥቼ ሳንኳኳ ውስጥ ይሰማ የነበረ ነገር ጸጥ አለ። ደግሜ አንኳኳሁ።

"ማነው?" አለች፣ ድምፅዋ ታፍኖ።

"እኔ ነኝ።"

 ከዚያ የሚጎተት ነገር ሰማሁ፣ ቀጥሎ የመስኮት መቀርቀሪያ ተንቋቋ፣ ቀጥሎ ደግሞ የእግር ኮቴ። በሩ ግን አልተከፈተም። ወንድ አለ አልኩ በልቤ። ሌላ ምንም አልመጣልኝም። ባይሆን ደግ ሰው ይሁን፣ ሚስት ያለው ብቻ እንዳይሆን እያልኩ ብርቱካኑን ታቅፌ ቆምኩ። በመጨረሻ ስትከፍትልኝ ሰላም ከማለቴ በፊት ያየሁት ወለሉን ነው፤ የወንድ ጫማ ፍለጋ። የለም። አልጋ ሥር አጎንብሼ ለማየት ምንም አልቀረኝም ነበር።

"ምን ፈልገሽ ነው?" አለች።

"ምንም" አልኳት። ዓይኔ ግን ከወለሉ ወደ ፊቷ ወጣ። በእሁድ ቀሚሷ ሳይሆን በቤት ልብሷ ሳያት አንገቷ ቀጥኗል፣ ግንባሯ ላብ ብሏል። ክፍሉ ደግሞ ታፍኗል። መስኮቱ አሁን ገና መከፈቱን አፍንጫዬ ነገረኝ። መለኪያዬን አወጣሁና ከመስኮቱ ራቅ አድርጌ ያዝኳት። ቁጥሩን ሳየው መለኪያዋ የተበላሸች መሰለኝ። አንዲት ቀጭን ልጅ ብቻዋን፣ የአየር መውጫ ባለው ቤት ውስጥ፣ የተጨናነቀ መማሪያ ክፍል የሚያህል የተተነፈሰ አየር ልታጠራቅም አትችልም። መውጫው ተዘግቷል ማለት ነው።

"አከራይሽ ቀዳዳውን ደፍኖብሻል?" አልኳት። አከራዩን አንድ ጊዜ አይቼው አልወደድኩትም ነበር።

"እትዬ፣ ተቀመጪ በቃ፣ ሻይ ላፍላልሽ።"

ሻይ ላፍላልሽ ማለቷ አስነሳኝ። ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገብቼ የእጅ ባትሪውን ወደ ላይ አበራሁ። ከጣሪያው ዝቅ ብሎ፣ ፎቆቹን ሁሉ ከታች እስከ ላይ የሚያያይዘው የአየር መውጫ አለ። አፉ ላይ ትንሽ አራት ማዕዘን ትራስ ተወትፏል። ደፋኝ ሰው በካርቶን ወይ በፌስታል ነው የሚደፍነው። ይኼ ግን በልኩ የተቆረጠ፣ ጠርዙ በድርብ የተሰፋ፣ መጎተቻ ጨርቅ ሳይቀር የተበጀለት ነበር። እንዲህ ዓይነት ስፌት የማን እንደሆነ አውቃለሁ።

"እኔ ነኝ የሰፋሁት" አለች ከኋላዬ። "ከቁርጥራጭ ነው።"

"ለምን?"

"ይሰማል።"

"ምኑ?"

መልስ ልትሰጠኝ አፏን ስትከፍት ሳሉ ቀደማት። ፎጣ አንስታ ፊቷን ቀበረችበት። እሁድ እሁድ ፊቴ የምትስለው ሳል አልነበረም። ከሆዷ የሚነሳ፣ ትከሻዋን የሚያርገፈግፍ፣ አለቀ ሲሉት የሚቀጥል ሳል ነው። ለካ እሁድ ስመጣ አፍና ነው የምትቆየው። እስክሄድላት እየጠበቀች እንደነበር፣ ከሄድኩ በኋላ ብቻ እንደምትስል ገባኝ። 

ከዚያ ቁጭ ብለን ነገረችኝ። ያ ቀዳዳ ድምፅ ያስተላልፋል። ከግድግዳው ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴትዮ አሉ፣ ጎረቤቷ፤ ለሶላት ሲታጠቡ ውኃው ሲወርድ፣ የባትሪ ሬዲዮአቸው ሲያወራ፣ ሲከፋቸው ለብቻቸው ሲያጉረመርሙ ሁሉ ይሰማል። የእሳቸው ከተሰማኝ የእኔም ይሰማቸዋል ብላ እህቴ አሰበች። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ሲገናኙ ሴትየዋ "ሳሉ እንዴት ነው?" ብለው ጠየቋት። እህቴ በዚያው ቀን ትራሱን ሰፋች። መስኮቱም በመተላለፊያው በኩል ስለሆነ ዘጋችው።

"ጥሩ ጠየቁሽ እንጂ ምን አሉሽ?" አልኳት።

"አንቺ አታውቂም። ፋብሪካ የምትስል ልጅ ነበረች፣ ምሳ ላይ አንድ በአንድ ሸሿት። ከዚያ ቀረች። የት እንደገባች የሚያውቅ የለም። አከራዬም ከሰማ ቤቱን ልቀቂ ነው የሚለኝ።"

"ታይቻለሁ ያልሽኝስ?"

"ፋርማሲ ነው የሄድኩት።"

አንድ ሺህ ሰው ስጠራጠር የኖርኩ ሴት፣ የራሴን እህት በአንድ የሽሮፕ ጠርሙስ አመንኳት። ተናደድኩ። በእሷ ይሁን በራሴ አላውቅም፣ ግን በእሷ ላይ ነው የጮኽኩት። የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን እንደሚችል፣ መድኃኒቱ በነጻ እንደሚሰጥ፣ ከተጀመረ እንደሚያድን፣ ካልተጀመረ ግን እንደሚገድል፣ እሷን እዚያ አልጋ ላይ አጥቻት መቅረት እንደማልችል ነገርኳት። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄዳ አክታዋን እንድትሰጥ ነገርኳት።

"አልሄድም።"

"ትሄጃለሽ።"

"እዚያ የነቀርሳ ክፍል በር ላይ ቆሜ ከታየሁ፣ ለሻይ ሳይወጡ ፋብሪካው ሁሉ ያውቃል። በሩን ሰው ሁሉ ነው የሚያውቀው።"

"እሺ ደሴ እንሂድ።"

"ደሴማ ዘመድ ሁሉ አለ።"

እሺ ብትለኝም የማላምናት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ውጤቱን ያልሆነ ነገር ትነግረኝ ይሆን፣ ሌላ ሽሮፕ ገዝታ ትጠብቀኝ ይሆን እያልኩ ፊቷን አጠናሁ። እሷም ፊቴን እያጠናች ነበር፤ አስገድጄ እጇን ይዤ ደረጃውን ላወርዳት እንደሆነ፣ ጎረቤት ሁሉ በር ላይ ወጥቶ ሊያያት እንደሆነ። እንዲያ ሆነን ተፋጠጥን።

ቢያንስ አየር ታግኚ አልኩና ተነስቼ ትራሱን ልነቅል ሄድኩ። እጄን ያዘችኝ። "እባክሽ፣ እትዬ፣ ይሰማሉ" አለች፣ በሹክሹክታ። ጉልበት አልነበራትም፤ ጎትቼ አወጣሁት። አቧራ በላያችን ወረደ። ከልማዴ የተነሳ ሶፍት አውጥቼ ቀዳዳው አፍ ላይ ያዝኩ። ወደ ቀዳዳው ይሳባል ብዬ ስጠብቅ ወደ ፊቴ ተነፋ። ቦታ ቀይሬ ያዝኩት፤ ያው ነው። ጣሪያ ላይ አናቱን የደፈነው ሰው ሳይኖር አይቀርም። ከዚህ ክፍል አየር እየወጣ አይደለም። ከጎረቤት ቤት ወደዚህ እየገባ ነው።

ያን እያሰብኩ ሳለሁ አቧራው የእህቴን ሳል አስነሳው። ፎጣው እጇ ላይ አልነበረም። የተከፈተው ቀዳዳ ሥር ቆማ፣ ግድግዳውን ይዛ፣ ሙሉውን ሳል ሳለች። ጀርባዋን ደገፍኩ፤ አጥንቷ በመዳፌ ይቆጠር ነበር። አለቀ። ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቅን። ከማዶ ሲወርድ የነበረ የቧንቧ ውኃ ተዘጋ፣ ሬዲዮውም ተዘጋ። እህቴ አፏን በእጇ ከደነች።

"አብሽሪ፣ ልጄ" አለ ከቀዳዳው የመጣ የሴት ድምፅ።

አልተነቃነቅንም።

"አለሽ እንዴ? ሳልሽ ከጠፋኝ ቆየ እኮ። ዳነች ብዬ አልሐምዱሊላህ ብዬ ነበር።" ድምፃቸው ወደ ቀዳዳው ቀረበ። "ደረጃ ላይ የጠየቅሁሽ እኔንም እንደዚሁ አድርጎኝ ስለነበር ነው። ሸሸሽኝ። አክታዬን ሰጠሁ፣ መድኃኒቱን ስድስት ወር ዋጥኩ፣ ይኸው አሁን አፊያ ነኝ። ምንም አይደለም፣ አብሽሪ።"

እኔ ሶፍቱን እንደያዝኩ ነበር። አሁንም ወደ እኛ እየተነፋ ነው። መቼ ነው የታመሙት የሚለው ጥያቄ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። እህቴ ከመጀመሯ በፊት ወይስ በኋላ? በሽታው ከፋብሪካው ሊሆን ይችላል፣ መስኮቱ ከተዘጋበት ሚኒባስም ሊሆን ይችላል፣ ማንም ማረጋገጥ አይችልም። እኔ ግን በጥያቄ ነው የምኖረው። መድኃኒቱን የጀመሩበትን ወር ብቻ ቢነግሩኝ ብዬ ወደ ቀዳዳው ቀና አልኩ።

እህቴ ቀደመችኝ። እጇን ከአፏ አነሳች፣ በጣቷ ጫፍ ቆማ ፊቷን ወደ ቀዳዳው አስጠጋች።

"እትዬ" አለች፣ ለሴትየዋ። "ነገ አብረውኝ ይሄዳሉ?"

"በጠዋት አንኳኪ" አሉ ሴትየዋ። "በሩን እኔ አሳይሻለሁ።"

ጥያቄዬን ዋጥኩት። ትራሱን ይዤ አጠገቧ ነበር የቆምኩት፤ ትከሻዋ ትከሻዬን ይነካ ነበር። እኔን ግን አብረሽኝ ሂጂ አላለችኝም።